ጋሼ መስኮት ያስዘጉበት የሐዋሳ መንገድ

ከሐዋሳ ከተመለስኩ ሁለት ወር ሊሞላኝ ነው። መጀመሪያ ሰሞን ጓደኞቼ «እንዴት ነበር?» ሲሉኝ «ይሞቃል» ብቻ እያልኩ አልፋቸው ነበር። የጉዞው መጨረሻ ምን እንደሚሆን እኔም አላውቅም ነበራ። አሁን አውቄዋለሁ። ስለዚህ ሐዋሳን ላላያችሁ፣ ምናልባትም ለማታዩት፣ ከመነሻው እስከ መድረሻው ቀን በቀን እነግራችኋለሁ። ሐይቁን ብቻ የምትፈልጉ ካላችሁ ማክሰኞ ላይ ታገኙታላችሁ፤ እኔ ግን ሰኞን ባትዘሉት እመርጣለሁ።

ሰኞ

ከደብረ ብርሃን የወጣነው ሁለት ነን፤ እኔና ጋሼ። ጋሼ የእናቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። ስማቸው ወርቁ ነው። ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድተው ጡረታ ወጥተዋል፤ ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ የሚኖሩት ከእኛ ጋር ነው። እኔን «ረዳቴ» ነው የሚሉኝ። ገና የአምስት ዓመት ልጅ ሳለሁ ጋቢናው ውስጥ ቆሜ «ሞላ! ሳበው!» እያልኩ ስለምጮህ ያወጡልኝ ስም ነው።

ስለ ጋሼ ሦስት ነገር ልንገራችሁ፤ በኋላ ያስፈልጋችኋል። አንደኛ፣ ከረጅም መንገድ ሲመለሱ ከተማችን መግቢያ ካለው መታጠፊያ ላይ ክላክስ ያደርጉ ነበር፤ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እናቴ በእጇ የያዘችውን ሁሉ ትለቅና «ወርቁ ገባ» ትላለች። በዚህ ምክንያት ስንት ብርጭቆ ተሰብሯል። ሌላው፣ የግራ ክርናቸው ከቀኙ ይጠቁራል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መስኮት ላይ ውሎ ፀሐይ ያጠቆረው ክርን ነው። በእሳቸው መኪና መስኮት ተዘግቶ አያውቅም። የተሳፈረ ሰው «ኧረ ንፋስ ይመታናል» ሲላቸው «ንፋስ የመታውን ሰው አላየሁም፤ ንፋስ ያጣውን ግን አይቻለሁ» ይሉ ነበር። የመጨረሻው ደግሞ ስልካቸው ባለ ቁልፍ መሆኑ ነው። ብቸኛ ልጃቸው ሰናይት ፊት የሚያሳይ ስልክ ልግዛልህ ብትላቸው «ድምፄን ከሰማሽ ምን ጎደለሽ» ብለዋታል።

ሰናይት ሐዋሳ ናት፤ ትማራለችም፣ ቤተ ሙከራ ውስጥ ትሠራለችም። ሁለት ዓመት ሙሉ «አባዬ ናና ቤቴን እይልኝ» ስትላቸው ከርማ፣ ለመንፈቁ እረፍት ትምህርት ቤት ሲዘጋ «ረዳቴን ይዤ እመጣለሁ» አሉ። እኔ ከአዲስ አበባ ወዲያ አልፌ አላውቅም። የደስታዬን ነገር ተዉት።

አዲስ አበባ ደርሰን ቃሊቲ መናኸሪያ ቅጥቅጥ ያዝን። ለማታውቁት፣ ቅጥቅጥ ማለት መካከለኛ አውቶቡስ ነው፤ ስሙ ከየት እንደመጣ ተሳፍራችሁ አንድ ሰዓት ስትሄዱ ወገባችሁ ይነግራችኋል። መስኮት ዳር የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ከሞጆ በኋላ ሙቀቱ ጀመረ። እኛ አገር በዚያ ወር ጧት ሣሩ ላይ አመዳይ ያድራል፤ እኔ ሹራብ በሹራብ ላይ ደርቤ ነበር የወጣሁት። አንዱን አወለቅሁ፣ ሌላውንም አወለቅሁ፣ ከዚያ መስኮቱን ከፈትኩ።

«ዝጊው ረዳቴ» አሉ ጋሼ።

የቀለዱ መስሎኝ ሳቅሁ።

«ዝጊው አልኩሽ። መንጋጋዬን ንፋስ ይመታኛል።»

ዞር ብዬ አየኋቸው። አንገታቸውንና አገጫቸውን በሻርፕ ጠቅልለዋል። ደብረ ብርሃን ላይ ሁሉም ሰው ስለሚጠቀለል ልብ አላልኩትም ነበር። ዘጋሁት። ከኋላችን የተቀመጡ እናት «ተባረክ ወንድሜ» አሉ። አንድ ወጣት «ኧረ ልንታፈን ነው» ቢል እኚሁ እናት «መታፈን ማንን ገደለ፤ የሚገድል ብርድ ነው» አሉት፤ መኪናው ሙሉ ደገፋቸው። የተረፉት መስኮቶችም አንድ በአንድ ጥርቅም፣ ጥርቅም።

መቂ ሳንደርስ ሽንኩርት የጫነ መኪና ተገልብጦ መንገዱን ዘጋው። ቆምን። ከላይ ፀሐይ፣ ከውስጥ ስልሳ ሰው፣ ዶሮም አለ። አንድ ሕፃን አስታወከ። ሹፌሩ ተሳፋሪው ሽንኩርት ሊለቅም ይበተንብኛል ብሎ በሩን አልከፍትም አለ፤ እኛ ደግሞ መስኮቱን አንከፍትም አልን። ከአንድ ሰዓት በላይ ሲሆነን ሰው ሁሉ ባሕርይው ተለወጠ። ጧት ዳቦ ሲካፈሉ የነበሩ ሁለት ሰዎች በክርን መገፋፋት ጀመሩ። በመጨረሻ በሩን ማን እንደከፈተው አላውቅም፤ ሰው እንደ ጎርፍ ፈሰሰ። ነጠላዋ ተቀድዶባት የወጣችም አለች። አንዱ ጥላ ሥር፣ አንዱ ሐብሐብ ሻጭ ጋ፣ ሌላው ሜዳ ላይ ተበተነ። መንገዱ ተከፍቶ ረዳቱ ሲቆጥር ሦስት ሰው ጎደለ። በሚኒባስ ተሳፍረው ሄደዋል። አንደኛው ጆንያውን እንኳ አላስታወሰም።

ሐዋሳ ስንደርስ ፀሐይ ጋደል ብላ ነበር። ሰናይት ሮጣ አባቷን አቀፈቻቸው። ጋሼ ጉንጫቸውን አዞሩባትና ግንባሯን ሳሟት። ከዚያ በባጃጅ ታቦር። ታቦር ተዳፋት ላይ ያለ ሰፈር ነው፤ ባጃጁ ዳገቱን እያቃሰተ ሲወጣ ጋሼ «ማርሽ ቀንስለት አንተ» እያሉ ሹፌሩን ከኋላ ነዱት።

ሰናይት ሁለት ክፍል የተከራየችው እትዬ ታደለች ግቢ ነው። እትዬ ታደለች ሲዳማ ናቸው፤ ጴንጤ ናቸው፤ ሱቅ አላቸው፤ እንግዳ የመጣው ለተከራይ ቢሆንም ራት ያዘጋጁት እሳቸው ነበሩ። እዚያ ነው የመጀመሪያው ጉድ የደረሰብኝ። እኛ ቤት አማትበን እንበላለን፤ አለቀ። እኔም አማትቤ የመጀመሪያውን ጉርሻ አፌ ውስጥ እንዳደረግሁ እትዬ ታደለች ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስለ መንገዳችን፣ ስለ ቅጥቅጡ ሹፌር፣ ሽንኩርት ስለተገለበጠበት ሰው፣ ስለ አገር፣ ስለማናውቀው ሕመም ሁሉ ጸለዩ። ማኘክ አፈርኩ፣ መትፋትም አፈርኩ። አሜን ሲባል ጉንጬ እንዳበጠ ነበር። እትዬ ታደለች አዩኝና «ዋጪው ልጄ፤ እሱም አብሮ ተባርኳል» አሉ።

ማክሰኞ

ሐይቁን የፈለጋችሁ እነሆ። በእኛ ከተማ ያለው ትልቁ ውሃ በሬሳ ወንዝ ነው፤ በዚያ ወር ዘልላችሁ ትሻገሩታላችሁ። ሐዋሳ ሐይቅ ግን ወዲያ ማዶ የለውም ማለት ይቻላል፤ ተራራ አለ፣ እሱም በጭጋግ ውስጥ ነው። ብዙ ቆሜ አየሁት። ጋሼ «ጎርፍ አይደለም፣ አይሄድብሽም፤ ነይ» አሉኝ።

ጧት አሞራ ገደል ሄድን፤ ዓሣ አጥማጆች ያጠመዱትን የሚያወርዱበትና የሚሸጡበት ቦታ ነው። አባ ኮዳ የሚባሉ ራሰ በራ ወፎች እንደ ሽማግሌ እጃቸውን ወደ ኋላ ያደረጉ መስለው ቆመው ፍርፋሪ ይጠብቃሉ። ቁመታቸው ትከሻዬ ይደርሳል፤ ዋሸሁ ካላችሁ ሂዱና ተለኩ። አንዱ ከእጄ ዓሣዬን ሲመነትፈኝ የጮህኩትን ጩኸት ሐይቁ ወዲያ ማዶ የሰሙት ይመስለኛል። ጋሼ በጣም ሳቁ፤ ግን አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው ነበር። ጋሼ ሲስቁ አፋቸውን የሚሸፍኑ ሰው አልነበሩም።

ሰው እዚያ ጥሬ ዓሣ ሲበላ ሳይ ደግሞ ሌላ ድንጋጤ። ሥጋውን ከአጥንቱ ለይተው በዳጣ እያጠቀሱ። ዳጣ ከቃሪያና ከቅመም የሚፈጭ ማባያ ነው፤ የእኛ ሚጥሚጣ ከእሱ ጋር ሲተያይ ስኳር ነው። ጋሼ ጥሬ የሆነ ነገር ካዩ የማያልፉ ሰው «አልራበኝም» አሉ።

ምሳ ላይ እትዬ ታደለች ቡርሳሜ አቀረቡልን። ከቆጮ የሚሠራ ነው፤ ቅቤው ሲቀዳበት አይቼ እንደ ሾርባ በማንኪያ የሚጠጣ መስሎኝ ነበር፤ በእጅ ነው። እትዬ ታደለች ተነሡና ቡርሳሜውን ዳጣ አስነክተው ትልቅ ጉርሻ ለጋሼ አዘጋጁ።

«ይቅርብኝ፣ በቃኝ» አሉ ጋሼ።

«የእኔ እጅ ነው የሚመለሰው? ልጅህን ሁለት ዓመት ያበላ እጅ?»

እንዲህ ከተባለ በኋላ እንኳን ጋሼ፣ የታመመ ንጉሥም ይጎርሳል። ጎረሱ። ወዲያው ዓይናቸው እንባ ሞላ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሳያኝኩ ዋጡትና «እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ወጡ። ሰናይት «አባዬ ዳጣ አይችልም» ብላ ሳቀች። ሰሜን ያደጉ ሰው እኮ ናቸው፣ በርበሬ ነፍሳቸው ነው፤ ይኼ ነገር ከነከነኝና ተከተልኳቸው።

ከጓሮ ቧንቧው ሥር ጎንበስ ብለው አፋቸውን ይጉመጠመጣሉ። ውሃው ቀይ ነው። ሻርፓቸው ተፈትቷል። ከመንጋጋቸው ሥር የባቄላ ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። ቀና ሲሉ አፋቸው ገና ክፍት ነበርና ምላሳቸው ጠርዝ ላይ ነጭም ቀይም የሆነ፣ ዳሩ የተነሣ ቁስል አየሁ።

«ጋሼ ምንድን ነው?»

«ጥርሴ ነው። የተሰበረ ጥርስ አለኝ፣ ይፍቀኛል። ላዩ ላይ ንፋስ መታኝ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስቀል።» አምስት ወር ሊሞላው ነው። «ስሚ፣ ልጄ የመመረቂያ ጽሑፏን የምታቀርበው በሚቀጥለው ወር ነው። እስከዚያ ትንፍሽ እንዳትይ። ማይልኝ።»

«ጋሼ...»

«ጋሼ ይሙት በይ።»

«ጋሼ ይሙት» አልኩ። ሳላስበው ነው ያልኩት፤ እርሳስ ጠፋብኝ ብለን እንኳ የምንለው ነው። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን ከበደኝ።

ረቡዕ

ሰናይት ቤተ ሙከራዋን ልታሳየኝ ወሰደችኝ። የምታጠናው የአፍ ካንሰርን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ዕለት ነው። ቤታችን «በሽታ ታጠናለች» ብቻ ነበር የሚባለው። ነጭ ካፖርት አለበሰችኝ፤ እጅጌው ጣቴን አልፎ ይወርዳል፤ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በማይክሮስኮፑ አየሁ። ሰማያዊ ነጠብጣቦች ተጠቅጥቀው፣ በመካከላቸው ቡናማ ቡናማ አለ።

«እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ሴል ናት» አለች ሰናይት። «ቡናማ የሆኑት እኔ የምፈልገው ፕሮቲን ያለባቸው ናቸው። ሂፍ ዋን አልፋ ይባላል።»

«ምን ያደርጋል?»

«ጤነኛ ሰው ውስጥም አለ። ሴል ይሠራዋል፤ ኦክስጅን ካለ ደግሞ ወዲያው ይፈርሳል። ይሠራል፣ ይፈርሳል። ኦክስጅን ሲጠፋ ግን የሚያፈርሰው የለም። የሴሉ ማዘዣ ክፍል ይገባና ትእዛዝ ይሰጣል። አየር አልቋል፤ አዲስ የደም ሥር ሳቡ፤ ያለ አየር መኖር ልመዱ፤ ከጎረቤት ጋር የያዛችሁትን እጅ ልቀቁና ውጡ።»

«ካንሰር ውስጥ አየር ለምን ያልቃል?»

«ሴሎቹ ይባዛሉ፣ ይባዛሉ፤ የደም ሥሩ ግን ያው የድሮው ነው። መሃል ያሉት ይታፈናሉ።»

«እንደ ሰኞው ቅጥቅጥ!» አልኩ።

ነገርኳት። መስኮቱ ሲዘጋ፣ ሰዉ ባሕርይው ሲለወጥ፣ በሩ ሲበረገድ፣ ሦስቱ በሌላ መኪና ሲሄዱ። ሰናይት የያዘችውን እስክሪብቶ አስቀመጠች።

«እስቲ ሦስቱን ድገሚልኝ።» ደገምኩላት። «አማካሪዬ በአንድ ዓመት ያላስረዳኝን... ጽሑፌን የማቀርብ ቀን ይህን ነው የምናገረው። ሂፍ በበዛበት መዛመትም ይበዛል የሚሉ ብዙ ናቸው። እኔ የማየው የእኛ ሰዎች ላይም እንደዚያ መሆኑን ነው። ገና አልጨረስኩም።»

ኩራቴ ጣሪያ ነካ። በዚያ ኩራት መሃል ጠየቅኋት፤ «እነዚያ የወጡት መጀመሪያ የት ነው የሚወርዱት?»

«የአፍ ከሆነ አንገት። እዚህ ጋ።» በቀዝቃዛ ጣቷ መንጋጋዬን ከሥሩ ነካችኝ። «ትንሽ እብጠት ትሆናለች። እብጠት ሁሉ ካንሰር አይደለም፣ እንዳትፈሪ። ግን አፍ ውስጥ ሁለት ሳምንት ያለፈው ቁስል መታየት አለበት። ሰው ግን ጥርሴ ነው፣ ንፋስ መታኝ እያለ ወር፣ ሁለት ወር፣ ዓመት ይቆያል። አባዬ ስንት ዓመት አጨሰ፤ ተመስገን ነው፣ ተወው።»

ሐዋሳ ውስጥ ብዙ ጊዜ ደንግጫለሁ፤ በወፍ፣ በጥሬ ዓሣ፣ በሐይቅ። ያኛው ግን ሌላ ዓይነት ነው። ሰናይት በቀን ስንት ሰው አፍ ውስጥ ያደገ ነገር የምታይ ሆና፣ አባቷ ሁለት እርምጃ ላይ ተቀምጠው አፋቸውን አላየችም። ስልካቸውም ባለ ቁልፍ ነው፤ ፊት አያሳይም። እኔ አየሁ፤ እኔ ደግሞ ምያለሁ። ብናገር ጋሼ ይሙት ብያለሁ። ባልናገር ደግሞ... እስከዚህ አስቤ ካፖርቱን አወለቅሁ።

ቤት ስንመለስ እትዬ ታደለች ደጅ ቁጭ ብለው ጎመን ይቀነጥሳሉ። ረቡዕ መሆኑን አስታውሰው ለእኛ ለብቻ ያለ ቅቤ ሊሠሩልን ነው። አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«እትዬ፣ ሰው ምሎ ቢያፈርስ፣ የተማለበት ሰው ይሞታል?»

«በማን ማልሽ?»

«እኔ አላልኩም።»

«ፊትሽ ብሏል።» ጎመናቸውን ቀጠሉ። «በእኛ ቤት መሐላ የለም። ቃል ብቻ ነው ያለው፣ እሱም ከብዶናል። ግን ልንገርሽ፤ በራሱ ሞት የሚያስምል ሰው የፈራ ሰው ነው። የፈራ ሰው ደግሞ ነገሩ እንዲነገርለት ይፈልጋል፤ እሱ እንዳይናገረው እንጂ።»

ትናንት ጋሼ ጓሮ መሄዳቸውን አይተው ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

ራት ላይ ሰናይት የእኔን የቅጥቅጥ ነገር ለአባቷ በደስታ ታወራለች። «መስኮቱን ያስዘጋኸው ደግሞ አንተ ነህ አሉ! አንተ አባዬ! ምን ነካህ?»

«ንፋስ መታኝ አልኩ እኮ» አሉ ጋሼ፤ ሻርፓቸውን ሳብ አደረጉ።

«ሰኒ» አልኩ። «የጋሼን አፍ እዪ።»

ጋሼ አዩኝ።

«ጋሼ ይሙት ብለሽ ምለሽልኝ?»

«ምያለሁ። እንዳይሞቱ ነው ያፈረስኩት።»

ሰናይት እጇን ታጠበች፤ የስልኳን መብራት አበራች። «አባዬ፣ ክፈት።» «ጥርሴ ነው አልኩሽ።» «ክፈት አባዬ።» ከፈቱ። ብዙ አላየችም። ከአንገታቸው ሻርፑን ፈታች፣ በጣቷ ዳበሰች፣ መብራቱን አጠፋች፣ ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ አለች። እትዬ ታደለች ትኩስ ጎመን ይዘው ገብተው ቆመው ቀሩ።

ሐሙስ

ሆስፒታል። ከእኛ ከተማው የሚለየው በረንዳው ላይ ዛፍ መኖሩ ብቻ ነው፤ ወረፋው ያው ወረፋ፣ አግዳሚ ወንበሩም ያው ነው። ሐኪሙ የጋሼን ምላስ በጣታቸው ዙሪያውን ዳበሱ፣ አደንዝዘው ከቁስሉ የምስር ፍሬ የምታህል ቁራጭ ወሰዱ፣ ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ አደረጓት። ከአንገታቸው ደግሞ በመርፌ ናሙና ቀዱ። «እብጠቱ የተዛመተ ሊሆን ይችላል፤ በቁስሉ ምክንያት የተቆጣም ሊሆን ይችላል» አሉ። «ሳላየው አልፈርድም።»

ሰናይት የአባቷን ስም ጠርሙሱ ላይ ልትጽፍ ብዕሩ እምቢ አላት። ናሙናውን ልትወስድ ከቤተ ሙከራው የመጣችው የሥራ ባልደረባዋ ከእጇ ተቀበለቻትና «ይህን አንቺ አታዪውም። እኔ ነኝ የማየው» አለቻት። በየቀኑ ስንት ጠርሙስ የሚያልፍበት እጅ፣ አንዱን መያዝ ሲያቅተው አየሁ።

ጋሼ ቀኑን ሙሉ ከእኔ ጋር አንድ ቃል አልተናገሩም። አፋቸው ደንዝዞ ነው ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ለባጃጁ ሹፌር ግን «ማርሽ ቀንስ» አሉት።

ዓርብ

አሁንም ዝምታ። ደብረ ብርሃን ቤታችን ውስጥ ጋሼ ሲያኮርፉ ቢያንስ ራዲዮኑን ይከፍታሉ። እዚህ ራዲዮን የለም። እትዬ ታደለች አዘኑልኝና «ነይ እግርሽን አፍታቺ» ብለው ጉዱማሌ ወሰዱኝ። የፍቼ ጊዜ፣ ማለት የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ሕዝቡ የሚሰበሰብበት ሰፊ ሜዳ ነው። ያን ዕለት ግን ባዶ ነበር፤ ሁለት ፍየልና እኛ። ስፋቱን ሳይ የእኛ የገበያ ቦታ ትዝ አለኝ፤ ቅዳሜ ያልሆነ ቀን።

«አዲሱ ዓመት ሳይገባ የተጣላ ሁሉ መታረቅ አለበት» አሉ እትዬ ታደለች። «እኔ አሁን የጸሎት ቤት ሰው ነኝ። አባቴ ግን እዚህ ብዙ ሰው ሲያስታርቅ አይቻለሁ።»

«የእኔንና የጋሼን ማን ያስታርቃል?»

«ሹፌር አይደለም እንዴ? መንገድ ያስታርቀዋል።»

ቅዳሜ

ሰኞ ትምህርት ስለሚጀመር እኔ ብቻዬን መመለስ ነበረብኝ፤ አዲስ አበባ እናቴ ትቀበለኛለች ተባለ። ጋሼ ውጤቱን ሊጠብቁ ቀሩ። እትዬ ታደለች ስንቅ አስያዙኝ፣ ለእናቴም ዳጣ በጠርሙስ፤ ክዳኑ ላልቶ ኖሮ ሹራቤ እስከ ዛሬ ሐዋሳ ሐዋሳ ይላል።

ሰናይት ስማኝ ወረደች። መስኮት ዳር ተቀመጥኩ። አጠገቤ ጋቢ የለበሱ እናት አሉ። መስኮቱ ዝግ ነው። ሞተሩ ሲነሣ ከውጭ አንድ እጅ መስኮቱን መታ። ጋሼ ናቸው። ሻርፕ የለም። ያ ጥቁር ክርናቸው መስኮቱ ላይ ተደግፎ፣ ከውጭ በኩል መስታወቱን ገፍተው ከፈቱት።

«ረዳቴ» አሉኝ።

ክርናቸውን ያዝኩ።

«እናት» አሏቸው አጠገቤ ላሉት፤ «አደራ ይህን መስኮት እንዳያስዘጓት።»

«ኧረ ንፋስ ይመታናል አባቴ!»

«ንፋስ የመታውን ሰው አላየሁም...» ብለው ጀመሩና ምላሳቸው አመማቸው፣ ቆሙ።

«ንፋስ ያጣውን ግን አይቻለሁ» አልኩ እኔ።

ጋሼ ሳቁ። እጃቸውን አፋቸው ላይ አላደረጉም። ቅጥቅጡ ተንቀሳቀሰ። እስከ ሻሸመኔ እናትየው ጋቢያቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ተከናንበው ረገሙኝ፤ ዝዋይ ላይ ብርቱካን ገዝተው ግማሹን ሰጡኝ።

ከተመለስኩ በኋላ

ውጤቱ ሁለት ሳምንት ፈጀ። ሰናይት ደወለች። የምላሱ ካንሰር ነው። እናቴ ስልኩን ለእኔ አቀበለችኝና ወጣች።

«አንገቱስ?» አልኩ።

«የተቆጣ ነው ይላል። አልደረሰም።»

«ቡናማውስ?»

«መሃሉ ላይ አለ። ማዘዝ ጀምሯል ማለት ነው። በሩ ሳይበረገድ ነው የደረስነው።»

ቀዶ ሕክምናው ተደረገ። ከምላሳቸው ቆርጠው ወሰዱ፤ ከአንገታቸውም ዕጢዎቹን አውጥተው አዩአቸው፤ ንጹሕ ሆነው ተገኙ። ሐኪሙ ክትትሉ ረጅም ነው ብለዋል። ጋሼ ንግግር እንደ ሕፃን እንደገና ይለማመዳሉ፤ እስከዚያ ግን እንዳይናገሩ ታዝዘዋል። ሰናይት ጽሑፏን የምታቀርብበትን ቀን ለሌላ ወር አስተላልፋለች፤ ስለ ቅጥቅጡ እናገራለሁ ማለቷን አልተወችም።

ያለፈው እሑድ ከሰዓት በኋላ የጋሼ ቁጥር ደወለ። እናቴ በረንዳ ላይ ልብስ ታጥባለች። የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጌ «ሃሎ፣ ጋሼ?» አልኩ። መልስ የለም። እስትንፋስ ብቻ ይሰማል፣ ረጅም፣ ደህና እስትንፋስ። እንዳይናገሩ መታዘዛቸው ትዝ አለኝ። ደህና ነዎት ወይ ብዬ ልጠይቅ ስል ባለ ቁልፉ ስልክ ጮኸ፤ ቁልፉን እየተጫኑ ነው። ጢጥ። ጢጥ። ጢ......ጥ።

በረንዳው ላይ አንድ ሳፋ ሙሉ ልብስ ከነውሃው ተደፋ።

«ወርቁ ገባ» አለች እናቴ።